ጌሾውን አትንቀዪው፤ ያበላሸው አደራረቁ ነው

ጥያቄው የመጣው ከጅማ ከተማ ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ትላለች፦ «ግቢዬ ውስጥ ሦስት ዓመት የሞላው ጌሾ አለኝ። ባለፈው ነሐሴ ቅጠሉን ለቅሜ ጆንያ ሞላሁና በማግስቱ ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት። ዝናብ ሲመጣ እየሰበሰብኩ፣ ፀሐይ ሲወጣ እየመለስኩ ሳምንት አለፈኝ። መጨረሻ ላይ ጠቆረ፣ ሽታውም ሻጋታ ሻጋታ አለ። እሱኑ ወቅጬ ጠላ ጠመቅሁበት። ጠላው መራራም ኮምጣጣም ሆኖ እንግዳ ፊት ለማቅረብ አፈርኩ። ጎረቤቴ ‹ዝርያው መጥፎ ነው፣ ንቀይው› ትለኛለች። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ደግሞ ‹ቢራ የሚጠመቅበትን የሆፕስ ሥር ልላክልሽ፣ እሱን ትከዪ› ይላል። የትኛው ይሻለኛል?»

ሁለቱም አይሻልሽም፣ እህቴ። ጌሾውን አትንቀዪ፣ የሆፕሱንም ሥር አታስልኪ። ከጻፍሽው ውስጥ ተክሉን የሚያስወቅስ አንድም ነገር አላገኘሁም። ጥፋቱ ያለው በነሐሴ መልቀምሽ፣ ጆንያ ውስጥ ማሳደርሽና ቆርቆሮ ላይ ማስጣትሽ ላይ ነው። ሦስቱም ይስተካከላሉ፣ ለዚያውም ብዙ ብር ሳያስወጡ።

ስለ ጠላው እንጀምር። መራራና ኮምጣጣ የሚሉትን አንድ ላይ ጠቅልለሽ ጻፍሽልኝ እንጂ ምክንያታቸው ለየቅል ነው። ምሬቱ ከጌሾ ይመጣል፤ ካረረ አሻሮ (ከተቆላው እህል) ወይም ካረረ እንኩሮም (ከታመሰው ሊጥ) ይመጣል። ኮምጣጣነት ግን የጌሾ ሥራ አይደለም። አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው የሚያመጡት። እነሱም የሚበረቱት ጋኑ በደንብ ካልታጠበና ካልታጠነ፣ አፉ ካልተመረገ ወይም ጠላው ከሚገባው በላይ ከቆየ ነው። እንዲያውም ጥሩ ጌሾ እነዚህን ባክቴሪያዎች ያዳክማቸዋል። ቦርዴ የሚባለው የእህል መጠጥ ቶሎ ተጠጥቶ ማለቅ ያለበት አንዱ ምክንያት ጌሾ ስለሌለው ነው። እንግዲህ የሻገተው ቅጠልሽ ጉልበቱ የደከመ መስሎሽ መጠኑን ጨምረሽ እንደሆነ እገምታለሁ፤ ምሬቱ በዛ፣ ጠላውን ከመኮምጠጥ ግን አላዳነውም።

«የሚያሰክረው ጌሾው ነው» የሚባለውንም እዚሁ ላይ እንተወው። አልኮል የሚሠራው እርሾ ነው፤ የሚበላውም ብቅሉ ከእህሉ ያወጣውን ስኳር ነው። ጠላ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ አልኮል ይኖረዋል፤ መጠኑን የሚወስነው እህሉ፣ ብቅሉና ውኃው እንጂ ጌሾው አይደለም። የጌሾው ድርሻ ምሬቱ፣ መዓዛውና ጠላው ቶሎ እንዳይበላሽ መርዳቱ ነው። ቅጠሉ ላይ ያለው የተፈጥሮ እርሾም ጥንስሱን ለማስነሳት ያግዛል። ስለዚህ ጠላ ቀጠነብኝ ብሎ ጌሾ መጨመር የጠጪውን ፊት ከማኮሳተር በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።

ከዚያ ጥቁር ቅጠል የተረፈ ካለሽ ጣዪው። አጥቤ ልጠቀምበት፣ ፀሐይ ላስመታው፣ ቀቅዬ ላውጣው አትበዪ። አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመነጩት መርዝ በመፍላት አይጠፋም፣ በመብላላትም ተማምነሽ የምትተይው ነገር አይደለም። ከብት ላለው ጎረቤትም አትስጪው። ብልሽቱ ያሳዝናል፣ ቢሆንም አንድ ጆንያ ቅጠል ነው፤ ተክሉ መልሶ ያወጣዋል።

አሁን ወደ ሆፕሱ። ወንድምሽ አስቦልሽ ነው፣ ነገር ግን ሆፕስ ጅማ ላይ ጥሩ ምርት አይሰጥም። ምክንያቱ አፈሩ አይደለም፣ ዝናቡም አይደለም። ፀሐይዋ ናት። ሆፕስ ከምድር ወገብ ራቅ ባሉ አገሮች፣ በተለይ ከ35 እስከ 55 ዲግሪ ባለው ቀበቶ የለመደ ሐረግ ነው። በበጋቸው ቀኑ 15 እና 16 ሰዓት ሲረዝም በደንብ ያድጋል፣ ቀኑ ማጠር ሲጀምር ያብባል፣ በክረምታቸው ብርድ ደግሞ ሥሩ ያርፋል። ጅማ ያለችው ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። የዓመቱ ረጅሙ ቀናችን 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ አጭሩም ከ11 ሰዓት ተኩል አይወርድም። ተክሉ ገና ቁመት ሳያወጣ ለማበብ ይቻኮላል፣ የሚያርፍበት ብርድም አያገኝም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጆርጅ የምትባል ከተማ አካባቢ ሆፕስ ያመርታሉ። እዚያም ቢሆን ቀኑ አጥሮባቸው ለዓመታት ማሳው ላይ መብራት ሲያበሩ ኖረው፣ በኋላ ነው አጭር ቀን የሚችሉ ዝርያዎችን ያዳቀሉት። አንቺ ለጠላ ብለሽ ማታ ማታ ግቢሽ ውስጥ አምፖል ልታበሪ ነው?

ይህ ሁሉ ቀርቶ ቢያፈራልሽ እንኳ አጠቃቀሙ ሌላ ነው። ከሆፕስ የሚፈለገው የሴቷ ተክል አበባ ነው፣ ቅጠሉ አይደለም። ምሬቱ የሚወጣው ደግሞ ከብቅሉ ጭማቂ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ሲፈላ ነው። ጌሾ ግን በቀዝቃዛ ውኃ ተዘፍዝፎ ምሬቱን ይለቃል። ጥንስስሽን እሳት ላይ ጥደሽ አንድ ሰዓት አታፈዪውም። ስለዚህ ሆፕሱን እንደ ጌሾ ወቅጠሽ ጥንስስ ውስጥ ብትጨምሪው የምታውቂውን ጠላ አይሰጥሽም። በዚያ ላይ ሕያው ሥር ከውጭ ማስገባት የእፅዋት ኳራንቲን ፈቃድና የጤና ምስክር ወረቀት ይፈልጋል። በሻንጣ ተሸሽጎ የሚገባ ሥር አብሮት በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የቡና አገር ላይ ሆነን ይህን ቀልድ ማድረግ የለብንም። ወንድምሽ የግድ አንድ ነገር ልላክ ካለ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይላክልሽ። ወደ ታች ለምን እንደሆነ ታዪዋለሽ።

«ዝርያው መጥፎ ነው» ለሚለው ደግሞ፣ ጌሾ ከዘር ስለሚበቅል አንዱ ተክል ከሌላው በምሬት ሊለያይ እንደሚችል እውነት ነው። ነገር ግን በሻገተ ቅጠል ዝርያ አይፈረድም። መጀመሪያ ተክልሽ ጌሾ መሆኑን አረጋግጪ። ቅጠሉ ከላይ የሚያብለጨልጭ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከታች ፈዘዝ ያለ፣ ጠርዙ ጥቃቅን ጥርስ ያለው፣ ጅማቶቹ ጎላ ብለው የሚታዩ ነው። ፍሬው ትንንሽ ሆኖ መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ይሄዳል። አንድ ቅጠል አኝከሽ ትፊው። ምሬቱ ምላስ ላይ ካልቆየ ተክሉን የሚያውቅ ሰው ይይልሽ።

ምሬቱን ማወዳደር ከፈለግሽ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። ከራስሽ በደንብ የደረቀ ቅጠል 10 ግራም፣ ከጅማው ገበያ ከሂርማታ መርካቶ ከገዛሽው ደህና ጌሾ 10 ግራም ውሰጂ። ሁለቱንም እኩል ወቅጠሽ በየፊናቸው 1 ሊትር ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊ። በማግስቱ አጥልለሽ ቅመሺ። የራስሽ ደከም ካለ ጥንስስ ላይ ትንሽ ትጨምሪለታለሽ፣ ከበረታ ትቀንሻለሽ፤ በቃ። «ለአንድ ጋን ስንት ኩባያ» ለሚለው ቁርጥ ያለ ቁጥር የማልሰጥሽ ለዚህ ነው። የቅጠሉ ዕድሜ፣ የደረቀበት መንገድ፣ የአወቃቀጡ ልመት ሁሉ ይለውጠዋል።

ዋናው ጉዳይ ወሩ ነው። ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው። መጋቢት ላይ ይጀምራል፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይበረታል፣ መስከረምንም አይለቅም፣ ጥቅምት ላይ እየሳሳ ይሄዳል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብበት አገር ላይ ነሐሴ ቅጠል ማስጣት ከሰማይ ጋር እልህ መጋባት ነው። ዝናቡ ባይመታው እንኳ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ቅጠሉ ቀን የሰጠውን እርጥበት ማታ መልሶ ይጠጣዋል። ለማስቀመጥ የሚለቀመው ቅጠል ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይለቀም። ይህ ጊዜ ከቡና ለቀማ ጋር ስለሚጋጭ እጅ ሊያጥርሽ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ቡናው ይቅደም፣ ጌሾው ጥር ላይ ይድረስ፤ ምንም አይጎዳም። ለመስቀልና ለአዲስ ዓመት የሚሆነው ጌሾ እንግዲህ ጥር ላይ ደርቆ የተቀመጠው ነው። አስቀድመሽ ካላሰብሽበት ነሐሴ ላይ መሯሯጥ ይመጣል፣ እንደ ዘንድሮው።

ስትለቅሚ ጤዛው እስኪረግፍ ጠብቂ፣ ረፋድ ላይ ጀምሪ። መጠኑን የጨረሰ፣ ጠንከር ያለ፣ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ነው የሚፈለገው። ጫፍ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ውኃው ብዙ ነው፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ይጠቁራል። ቢጫ የሆነውን፣ ነጠብጣብ የያዘውን፣ ትል የበላውን እዚያው ጣዪው። ተክሉን ደግሞ ራቁቱን አታስቀሪው፤ ቢያንስ ሲሶውን ቅጠል ተዪለት። ቅርንጫፉን በእጅ ሸምጥጦ መላጥ ፈጣን ነው፣ ግን ቅርፊቱን ይልጠዋል፣ ቁስሉም የበሽታ በር ይሆናል። በመቀስ ትንንሽ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ ጥላ ሥር ቁጭ ብለሽ ብትለይው ይሻላል።

እና ጆንያ የሚባል ነገር አይድረስበት። የተቆረጠ ቅጠል ወዲያው አይሞትም፤ ይተነፍሳል፣ ሲተነፍስም ይሞቃል። ጆንያ ውስጥ ታጭቆ ባደረ ቅጠል መሃል እጅሽን ብታስገቢ ሙቀቱ ይሰማሻል። ሲታጨቅ የተጎዳው ቅጠል ጭማቂው ከአየር ጋር ተገናኝቶ ይጠቁራል። የሻይ ቅጠል ፋብሪካ ውስጥ ሆን ተብሎ የሚደረገው ይኸው ነው፤ አንቺ ግን ሻይ አይደለም የምትፈልጊው። እንግዲህ የመጥቆሩ ግማሽ ታሪክ ያለቀው ገና ቆርቆሮው ላይ ሳይወጣ፣ በዚያች ሌሊት ነው። በቅርጫት ወይም በሰፌድ ልቀሚ፣ የለቀምሽውን በዚያው ቀን አስጪ። በአንድ ቀን ማስጣት ከምትችይው በላይ አትልቀሚ።

ቆርቆሮው ሦስተኛው ጥፋት ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ እጅ አያስነካም። የታችኛው ቅጠል ይጠበሳል፣ የላይኛው ገና እርጥብ ነው፣ የሚወጣው እንፋሎት ደግሞ ወደ ታች መውጫ ስለሌለው እዚያው ይታፈናል። ደመና ሲመጣ ቆርቆሮው ይቀዘቅዝና ያው እንፋሎት ውኃ ሆኖ ይመለሳል። ባንድ በኩል ማቃጠል፣ በሌላ በኩል ማራስ። መሬት ላይ የተዘረጋ ሸራም ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ አፈር፣ ዶሮና ከሥር የሚመጣ እርጥበት ይጨመርበታል።

ደግነቱ የምትኖሪው ጅማ ነው። ትክክለኛው ማድረቂያ ምን እንደሚመስል ለማየት ከከተማ ወጣ ብለሽ ማና ወይም ሰቃ ጨቆርሳ መንገድ ላይ አንድ የቡና አልጋ ማየት ይበቃሻል። ወገብ ላይ የሚደርስ የእንጨት እግር፣ ላዩ ላይ የተወጠረ ሽቦ ወንፊት። አየር ከላይም ከታችም ያልፋል። ለአንድ ግቢ ጌሾ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነች ትንሽ አልጋ ትበቃለች። አሮጌ የአልጋ ሽቦና አራት ቋሚ እንጨት ካለሽ አናጢም አያስፈልግሽም። ሽቦው ላይ ንጹሕ ነጠላ ነገር ወይም ቀጭን መረብ ጣል አድርጊበት፤ ሲደርቅ ፍርፋሪው እንዳያመልጥሽ ነው። አልጋውን የምታቆሚው ንፋስ የሚያገኘው ጥላ ላይ ነው፤ ከቤቱ ጣሪያ ክፈፍ ሥር፣ ከዋንዛ ሥር፣ ወይም ላዩ ላይ ሻሽ የመሰለ ነገር ወጥረሽ። ገጠር ፀሐይ ላይ የሚያደርቁ አሉ፣ ኃጢአት አይደለም፣ በደረቅ ወር ከሆነ ይደርቃል። ግን ፀሐይ ቀለሙንና መዓዛውን ይወስዳል። ጊዜ እስካለሽ ድረስ ጥላው ይሻላል።

የጎረቤትን የቡና አልጋ ልዋስ ካልሽ ቡናው ከተነሳ በኋላ ይሁን። ቡና ሽታ ይስባል። ጎን ለጎን ከጌሾ ጋር ያደረቀች ሴት ገዢ ፊት ብታፍር አንቺን ነው የምትወቅሰው።

ቅጠሉን ሦስት አራት ጣት ከሚሆን ውፍረት በላይ አትከምሪ። መጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ላይ በቀን አራት አምስት ጊዜ በእጅሽ ከፍ ከፍ እያደረግሽ አገላብጪ። በኋላ ሲደርቅ ግን ቀስ በዪ፣ ይፈረፈራል። ማታ ጤዛው ሳይወርድ ወደ ቤት አስገቢው ወይም ሸፍኚው። ጠዋት አየሩ ሞቅ እስኪል አትግለጪው። በደህና የጥር አየር ሳምንት ሳይሞላ ይደርቃል። ሦስት ቀን አልፎ ገና እንደለሰለሰ ከሆነ ወይ ውፍረቱ በዝቷል ወይ ቦታው ንፋስ የለውም።

መድረቁን በምን ታውቂያለሽ? አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ ሲነካ ኮሽ ስላለ ብቻ ደርቋል ማለት አይደለም። መሃሉ ላይ ያለችውን ወፍራም ጅማት እጠፊያት። ቀጭ ብላ ከተሰበረች ጥሩ፤ ከታጠፈችና ከጎበጠች ገና ናት። ከዚያም ደርቋል ያልሽውን ንጹሕ ፌስታል ውስጥ አስገብተሽ አፉን ቋጥሪና ሁለት ቀን አስቀምጪ። በጅማቱ የተደበቀው እርጥበት ወደ ቅጠሉ ይሰራጫል። ስትከፍቺው ቅጠሉ ለስልሶ ካገኘሽው ወይም የፌስታሉ ውስጡ ላብ ከያዘ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ አልጋው መልሺው። ዘንድሮ ይህን አድርገሽ ቢሆን ኖሮ ሻጋታውን ቀድመሽ ታገኚው ነበር።

ሚዛኗ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። ውጭ አገር ሆፕስ በቤታቸው የሚያደርቁ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፣ ለጌሾም ይሠራል። ከለቀምሽው እርጥብ ቅጠል 100 ግራም መዝነሽ ለብቻው በለዘበ ምጣድ ላይ፣ ሳይጠበስ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ አድርቂው። 35 ግራም ቀረ እንበል። ያ ማለት ከ10 ኪሎ እርጥብ ቅጠልሽ ውስጥ ውኃ ያልሆነው 3 ኪሎ ተኩል ነው። ሲቀመጥ አንድ አሥረኛው ያህል እርጥበት ቢይዝ ችግር የለውም። ስለዚህ አልጋው ላይ ያለው ጠቅላላ ቅጠል ወደ 3.9 ኪሎ ሲወርድ ደርሷል። 4 ኪሎ ተኩል ላይ ከሆነ፣ ኮሽ ቢልም ባይልም፣ ገና ነው። የምጣዱን 100 ግራም ግን ለጠላ አትጠቀሚበት፤ ሙቀት አይቶ አልቋል።

«እሺ፣ ሐምሌ ላይ ድንገት ድግስ ቢመጣብኝስ?» ትዪ ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው ገበያ ሄዶ መግዛት ነው። ስትገዢ አንድ እፍኝ በእጅሽ ጨፍልቀሽ አሽቺው፤ አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ፣ ሲጨፈለቅ የሚሰባበር፣ አቧራና ግንድ ያልበዛበት ይሁን። የተወቀጠውን ዱቄት አትግዢ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታይም። የግድ ከግቢሽ ካልሽ አንድ ሁለት ሰፌድ ብቻ ልቀሚና እንጀራ ጋግረሽ ካጠፋሽው የኤሌክትሪክ ምጣድ በላይ፣ ምጣዱን ሳይነካ፣ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው። በሁለት ሦስት ቀን ጋገራ ይደርቃል። ሙቀቱ እጅ የሚያስቀምጥ ይሁን፤ ሆፕስ የሚያደርቁትም ከ60 ዲግሪ በላይ እንዳይወጣባቸው ነው የሚጠነቀቁት። ጭስ ያለው ምድጃ ላይ መስቀሉን ግን አልመክርም። ጋኑን በወይራ ማጠን ሌላ፣ ቅጠሉን በጥላሸት መለወስ ሌላ።

አቀማመጡ ላይ ብዙ ምስጢር የለም። ቅጠሉን ሳትወቅጪ ሙሉውን አስቀምጪ። የተወቀጠ ጌሾ መዓዛው ቶሎ ይሄዳል፣ እርጥበትም ቶሎ ይስባል። ስለዚህ የሚወቀጠው ለጥንስሱ ዋዜማ ነው። ዕቃው አየር የማያስገባ ይሁን፤ ሰፊ አፍ ያለው ጀሪካን፣ ክዳኑ የሚገጥም ቆርቆሮ ወይም ድርብ ወፍራም ፕላስቲክ። ማዳበሪያ ጆንያ ለጅማ ክረምት አይሆንም፣ የሰኔ አየር ሰተት ብሎ ይገባል። ከወለል ከፍ አድርጊው፣ ከላምባ፣ ከበርበሬና ከሳሙና አርቂው። በዚህ መንገድ እስከሚቀጥለው ጥር ያደርሰሻል። ከዚያ በላይ አታቆይው።

ተክሉን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልበል፤ ጎረቤት ጫት አለ ወይ? ጫት ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው አጥር ለአጥር ካለሽ ንፋሱ ወደ ጌሾሽ ያመጣዋል። ጌሾ ቅጠሉ ታጥቦ የሚበላ ነገር አይደለም፤ ሙሉውን ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ለቀናት ተዘፍዝፎ የሚጠጣ ነው። ያለው መድኃኒት ሁሉ ይወርዳል። ከጎረቤትሽ ጋር ተነጋገሪ፣ የሚረጭበትን ቀን ይንገርሽ። ከተረጨ በኋላ ሳምንታት ሳያልፉ አትልቀሚ፣ በዚያ በኩል ያለውን ወገን ቅጠል ጭራሽ ባትነኪው ይመረጣል። አንቺም ትል ስታዪ በእጅሽ ልቀሚው እንጂ መርጫ አትያዢ።

ከዚህ ውጪ ጌሾ ብዙ አያስቸግርም። የማይወደው የተኛ ውኃ ነው። ጅሬን ተዳፋት ላይ ያለ ሰው ስለዚህ አይጨነቅም፤ ወደ ቦዬ ረግረግ ዝቅ ብሎ የሚኖር ግን ቦይ ይቅደድለት ወይም ከፍ ያለ መደብ ላይ ይትከለው። የቡና ገለባ በደንብ ከበሰበሰ ደህና ማዳበሪያ ነው። ትኩሱን ግን ግንዱ ሥር አትከምሪ። አንድ ሁለት ተክል ልጨምር ካልሽ የጠቆረውን ፍሬ ለቅመሽ ሥጋውን አጥበሽ ዘሩን ሳይከርም መደብ ላይ ዝሪው፣ ችግኙን ዝናቡ ሲጠና ሰኔ ላይ አዛውሪ፣ በመካከላቸው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ተዪ። በቁራጭ ቅርንጫፍ የሚሞክሩ አሉ፣ በብዛት አይጸድቅላቸውም። ቁመቱን እጅሽ በሚደርስበት ላይ እየቆረጥሽ ያዢው፤ ከተተወ አምስት ስድስት ሜትር ይወጣና ለመልቀም መሰላል ያስፈልግሻል።

ያ የምትቆርጪው ግንድ ደግሞ አይጣልም። ጠጅ የምትጥዪ ከሆነ ቅጠሉን ሳይሆን እሱን ነው የምትፈልጊው፤ ቅጠል ጠጁን ያጠቁረዋል፣ ለማጥለልም ያስቸግራል። ከእርሳስ እስከ አውራ ጣት የሚወፍረውን ምረጪ፣ በጣት ርዝመት ከትክቺው፣ ወፍራሙን ለሁለት ሰንጥቂው። እሱም በዚያው አልጋ ላይ ይደርቃል፣ ግን ከቅጠሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፣ ሳምንታት ጠብቂው። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ እንጨት ዕቃ ውስጥ ሲታፈን ከቅርፊቱ ሥር ነጭ ሻጋታ ያወጣል፤ ስለዚህ አንድ ሁለቱን ሰብረሽ መሃሉን ሳታዪ አትክተቺው።